ብረት ለበሷን መኪና ቶርኔዶ ለምን አያነሳትም?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የቶርኔዶ ቪዲዮ ማየት ሱስ ሆኖብኛል። ስቶርም ቼዘር የሚባሉት ሰዎች ታንክ የመሰለች መኪና ይዘው አውሎ ነፋሱ የሚመጣበት መንገድ ላይ ሄደው ይቆማሉ። ቤት ከነጣሪያው የሚጠርግ ነፋስ እሷን እንዴት አያነሳትም? ክብደቷ ነው? ታናሽ ወንድሜ እብደት ነው ይላል፣ እኔ ሳይንስ ነው እላለሁ፣ እባካችሁ ገላግሉን።

መልስ፦ ክብደት ይረዳል ግን ብቻውን አያድንም፣ ትልልቅ የጭነት መኪናም ይገለበጣል እኮ። ነገሩ ያለው ከስር ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ አስቡት፣ ጠርዙ እስካልተነሳ ድረስ ምንም አይሆንም፣ ነፋስ አንዴ ከስሩ ከገባ ግን ከነሚስማሩ ነቅሎ ይዞት ይሄዳል። መኪናም እንደዛው ናት፣ በላይዋ በፍጥነት የሚያልፈው አየር ወደ ላይ ይስባታል፣ ከስር የገባው ደሞ ያነሳታል።

ለዚህ ነው ፊልም ሰሪው ሾን ኬሲ ያሰራት ቲአይቪ 2 ዙሪያዋን ወደ መሬት የሚወርድ የብረት መከለያ ያላት። ዶጅ ራም 3500 ላይ የተሰራች፣ ከ6 ቶን በላይ የምትመዝን መኪና ናት። ቶርኔዶው ሲቀርብ ትቆምና መከለያውን በሃይድሮሊክ ታወርዳለች፣ መሬት ውስጥ የሚሰኩ ሹል ብረቶችም አሏት። ሪድ ቲመር የሚባለው ስቶርም ቼዘር ዶሚኔተር የሚላቸው መኪኖች ደሞ ራሳቸው ዝቅ ብለው መሬት ላይ ይቀመጣሉ። የነዚህ መኪኖች የጎን ብረትና ወፍራሙ መስኮት ግን ስራቸው ሌላ ነው፣ ነፋሱ እየወረወረ የሚያመጣውን ጣውላና ፍርስራሽ ለመቋቋም ነው፣ ብዙ ሰው የሚሞተውም በሱ ነው።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ራቅ ያለ ራዳር ጨረሩ ከመሬት ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ ቤትና ሰው ያለበትን የታችኛውን ጥቂት ሜትር አያይም፣ እዛ ያለውን ነፋስ ለማወቅ አንድ መሳሪያ ቦታው ድረስ መሄድ አለበት። በፈረንጆቹ ሜይ 27 ቀን 2013 ካንሳስ ውስጥ ቲአይቪ 2 ቶርኔዶ መሃል ገብታ በሰዓት ከ240 እስከ 280 ኪሎሜትር የሚደርስ ነፋስ ለካች፣ ከዛ ፍርስራሽ መጥቶ መለኪያዋን ሰበረው። ውስጧ የነበሩት ሰዎች ተርፈዋል።

ከ4 ቀን በኋላ ግን ኦክላሆማ፣ ኤል ሪኖ አካባቢ የሆነውን ሳስብ ሁሌም ልቤ ይሰበራል። ያ ቶርኔዶ 4.2 ኪሎሜትር ስፋት ነበረው፣ ድንገት ሰፋ፣ ፈጠነ፣ አቅጣጫውንም ቀየረ፣ ቶርኔዶ አጥኚውን ቲም ሳማራስን ከልጁ ከፖልና ከባልደረባቸው ከካርል ያንግ ጋር ገደላቸው። የያዙት ተራ ትንሽ የቤት መኪና ነበር። ሳማራስ ደሞ ለታይታ የሚሮጥ ሰው አልነበረም፣ በጥንቃቄው የሚታወቅ ኢንጂነር ነው። 2003 ላይ ሳውዝ ዳኮታ፣ ማንቸስተር የምትባል መንደር አጠገብ የኤሊ ጀርባ የመሰለ ዝቅ ያለ መሳሪያ ቶርኔዶው ፊት አስቀምጦ ሸሸ። ቅርጹ ነፋሱ ራሱ ወደ መሬት እንዲጫነው ተብሎ የተሰራ ነው፣ ቶርኔዶው በላዩ ሲያልፍ አልተነሳም፣ የአየር ግፊቱ በ100 ሚሊባር ሲወርድ መዝግቦ ቆየ። ይሄ ማለት 1 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ በአንዴ እንደመውጣት ነው!

ስለዚ ወንድምዎም እርስዎም ልክ ናችሁ፣ የሚለየው ሰውየው ይዞት የሚመለሰው ነገር ነው። መለኪያ ይዞ፣ መውጫ መንገዱን አስቀድሞ አይቶ የሚገባ ሰው አለ፣ ቪዲዮ ለመቅረጽ ብቻ መንገድ የሚዘጋም አለ፣ ሁለተኛውን እኔ በፍጹም አልደግፍም፣ ምክንያቱም እዛ መንገድ ላይ ለማምለጥ የሚሞክር ቤተሰብም አለ።

ጥያቄ፦ መኪና እየነዳሁ ቶርኔዶ ቢመጣብኝ ድልድይ ስር ብጠለል ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም፣ እንዳያደርጉት! ድልድይ ስር ነፋሱ በጠባብ ቦታ ስለሚያልፍ ሊብስ ይችላል፣ ፍርስራሹም እዛው ይገባል። ሜይ 3 ቀን 1999 ኦክላሆማ ውስጥ 3 ሰዎች እንደዚህ ድልድይ ስር ተጠልለው ሞተዋል። ጊዜ ካለ ጠንካራ ህንጻ ጋ ደርሰው ምድር ቤት ወይም መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ይግቡ። ጊዜ ከሌለ ቀበቶዎን እንዳሰሩ ከመስኮቱ በታች ጎንበስ ብለው ራስዎን በእጅዎ ይሸፍኑ፣ ከመንገዱ በደንብ ዝቅ ያለ ቦይ አጠገብዎ ካለ ደሞ ወርደው እዛ በሆድዎ ይተኙ።