ብዙ ድምፅ ያገኘ እንዴት ይሸነፋል?

የአሜሪካ ምርጫ ሕግን የተመለከቱ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ከዶናልድ ትራምፕ የበለጠ የሕዝብ ድምፅ አግኝተው ተሸነፉ። ይህ ምን የሚሉት ስሌት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ክሊንተን የበለጡት በ2.9 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ ነበር። ነገር ግን አሜሪካዊ መራጭ በወረቀቱ ላይ የዕጩውን ስም ቢያይም፣ የሚመርጠው ያንን ዕጩ እንዲመርጡ የተሰየሙትን የክፍለ ግዛቱን ወኪል መራጮች ነው። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በተወካዮች ምክር ቤት ባለው መቀመጫ ልክ፣ በዚያ ላይ ለሁለቱ ሴናተሮቹ ሁለት ተጨምሮለት፣ ወኪል መራጮች አሉት። 435 ተወካይ፣ 100 ሴናተር፣ በ1961 የጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ የሰጣት 3፤ ድምሩ 538 ነው። 270 የደረሰ ፕሬዚዳንት ይሆናል። ኤሌክቶራል ኮሌጅ የሚባለው ይኸው ነው።

የእኛን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። እዚያም እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቁጥሩ ቢያንስም አንድ ወንበር አለው፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ይጨመርለታል። የአሜሪካው ቀመርም ለትንንሾቹ ያዳላል፦ በ2020 ቆጠራ 577 ሺህ ያህል ሕዝብ የነበራት ዋዮሚንግ 3 ወኪል መራጭ አላት፤ ከ39 ሚሊዮን በላይ ያላት ካሊፎርኒያ 54። ለነፍስ ወከፍ ሲሰላ የዋዮሚንጉ ሰው ድምፅ ወደ አራት እጥፍ ይከብዳል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ሁሉ እዚህ ላይ ይጥላል። እስቲ እናስላው። በ2016 የምርጫ ውጤት መሠረት ትራምፕ 306፣ ክሊንተን 232 ነበራቸው (በኋላ ጥቂት ወኪሎች ቃላቸውን አጥፈው ቁጥሩ 304 ለ227 ሆነ)። ትራምፕ 30 ክፍለ ግዛቶችን፣ ክሊንተን 20ውንና ዲሲን አሸንፈዋል። የሴናተሮቹን ሁለት ሁለት ከሁሉም እንቀንስ፦ ትራምፕ 246፣ ክሊንተን 190። አሁንም ትራምፕ ያሸንፋሉ! በ2000 ግን ሌላ ነው፤ ያው ቅነሳ ቢደረግ፣ እንደ ክሊንተን ብዙ ድምፅ አግኝተው የተሸነፉት አል ጎር 225 ለ211 ጆርጅ ቡሽን ይረቱ ነበር።

ስለዚህ በ2016 ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፦ በክፍለ ግዛቱ አንደኛ የወጣ ወኪሎቹን በሙሉ ጠቅልሎ መውሰዱ። ክሊንተን ካሊፎርኒያን ከ4 ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ አሸነፉ፤ ያ ሁሉ ትርፍ አንድም ተጨማሪ ወኪል አላመጣላቸውም። ትራምፕ ፔንሲልቬኒያን፣ ሚሺጋንንና ዊስኮንሲንን በድምሩ 78 ሺህ በማይሞላ ድምፅ ወስደው 46 ወኪል አፈሱ። ይህ የጠቅላይነት ደንብ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። ሕገ መንግሥቱ የሚለው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ወኪሎቹን የራሱ ምክር ቤት ባዘዘው መንገድ ይሰይማል ብቻ ነው። 48ቱ ክፍለ ግዛቶች በራሳቸው ሕግ የመረጡት ልማድ ነው፤ ሜይንና ነብራስካ ሁለቱን ወኪሎች ለጠቅላላ አሸናፊው፣ ቀሪዎቹን ለየምርጫ ወረዳው አሸናፊ ይሰጣሉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን አይቀይሩትም? እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ እዚህ ዴሞክራት እንደሚያሸንፍ ሁሉም ያውቃል፣ የእኔ ድምፅ ምን ይጨምራል?

መልስ፦ ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል የሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ፣ ከዚያም የ38 ክፍለ ግዛቶች ይሁንታ ያስፈልጋል። በ1969 የተወካዮች ምክር ቤት ቀጥተኛ ምርጫን 338 ለ70 አጽድቆ ነበር። በ1970 ሴኔት ውስጥ ተቃዋሚዎቹ ንግግር እያራዘሙ ድምፅ እንዳይሰጥበት አደረጉና በዚያው ቀረ።

ሌሎቹ መንገዶችም የየራሳቸው እሾህ አላቸው። የሜይንና የነብራስካን አሠራር አገር አቀፍ እናድርገው የሚሉ አሉ። ወረዳዎቹን ግን በአብዛኛው የሚከልሉት የክፍለ ግዛት ፖለቲከኞች ናቸው፤ ወሰን አሳምሮ የከለለ ፓርቲ ፕሬዚዳንትም መረጠ ማለት ነው። በ2012 ይህ አሠራር በመላ አገሪቱ ቢኖር፣ ባራክ ኦባማ ወደ 5 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ እየበለጡ ሚት ሮምኒ ፕሬዚዳንት ይሆኑ ነበር። ወኪሎችን በድምፅ መጠን ማካፈል የበለጠ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስተኛ ዕጩ ጥቂት ወኪሎች ሲይዝ ማንም 270 ላይደርስ ይችላል።

የርስዎ ሜሪላንድ በ2007 ሌላ መንገድ ጀምራለች፦ ስምምነቱን የፈረሙ ክፍለ ግዛቶች ወኪሎቻቸውን በአገር አቀፍ ደረጃ ብዙ ድምፅ ላገኘው ይሰጣሉ፣ ሥራ ላይ የሚውለው ግን የፈራሚዎቹ ድምር 270 ሲሞላ ነው። ከ200 አልፏል። ቢሞላም ሙግቱ አይቀርም፤ ክፍለ ግዛቶች ያለ ኮንግረስ ፈቃድ እንዲህ ያለ ውል መግባት ይችላሉ ወይ የሚለው አልተፈታም። በዚያ ላይ ውጤቱ ቢቀራረብ አገር አቀፍ ድጋሚ ቆጠራ የሚያዝ ሕግ የለም። ደጋፊዎቹ ይህን ሁለተኛውን ጉዳይ አቅልለው የሚያዩት ይመስለናል።

ስለ ድምፅዎ፦ በፕሬዚዳንቱ ረገድ ፉክክሩ ከሚቀራረብባት ከፔንሲልቬኒያ መራጭ ያነሰ ይመዝናል፣ መካድ አይቻልም። በዚያው ወረቀት ላይ ያሉት የትምህርት ቦርድና የካውንቲ ምርጫዎች ግን በመቶዎች ድምፅ የሚወሰኑበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ 269 ለ269 ቢወጣስ?

መልስ፦ የተወካዮች ምክር ቤት ይመርጣል፤ ግን በሰው ሳይሆን በክፍለ ግዛት። ካሊፎርኒያ አንድ ድምፅ፣ ዋዮሚንግ አንድ ድምፅ፣ 26 ያገኘ አሸናፊ፤ ዲሲ ድምፅ የላትም። ምክትሉን ሴኔት ይመርጣል፤ ስለዚህ ፕሬዚዳንቱና ምክትሉ ከተቀናቃኝ ፓርቲዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ነገሩ ሩቅ አይደለም፦ በ2020 አሪዞና፣ ጆርጂያና ዊስኮንሲን ውስጥ የነበረው ልዩነት ተደምሮ 43 ሺህ ያህል ነበር፤ ሦስቱም ቢገለበጡ ውጤቱ ልክ 269 ለ269 ይሆን ነበር።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። የሕዝብ ቆጠራ ላይ ከተቆጠርኩ ለምን አልመርጥም? መንጃ ፈቃድ ላሳድስ ስሄድም ለምርጫ ልመዝገብዎ አሉኝ።

መልስ፦ እንዳይመዘገቡ። በመጀመሪያ ይህን እንጨርስ። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ እስከ አንድ ዓመት ሊያሳስር፣ ከአገርም ሊያስባርር ይችላል፤ ዜጋ ነኝ ብሎ መሙላት ራሱን የቻለ ከባድ ጥፋት ነው። ችግሩ የሚፈጠረው በአብዛኛው እርስዎ እንዳሉት መንጃ ፈቃድ ቢሮ ነው፤ ሠራተኛው ለሁሉም የሚጠይቀውን ይጠይቃል፣ ወረፋው ያጣድፋል፣ ሰው ሳያነብ «አዎ» ይላል። ለዜግነት የሚሞላው ኤን-400 ቅጽ በምርጫ ተመዝግበው ወይም ድምፅ ሰጥተው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ያኔ ይወጣል። በስህተት ተመዝግበው ከሆነ ድምፅ አይስጡ፤ ለማንም ቢሮ ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ። አጠገብዎ ያለችው ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿን በከተማው ምርጫ ታሳትፋለች፤ ያ ግን ለከተማው ብቻ ነው፣ መዝገቡም የተለየ ነው።

መቆጠርዎን በተመለከተ፦ የሕገ መንግሥቱ 14ኛው ማሻሻያ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ በእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ባሉ ሰዎች ጠቅላላ ቁጥር ይደልደል ይላል፤ ዜጎች አይልም። ስለዚህ እርስዎ ሳይመርጡ የሜሪላንድን ክብደት ይጨምራሉ። ትራምፕ በ2020 ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸው ነዋሪዎች ከዚህ ድልድል እንዲወጡ አዘው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክሱ ጊዜው ገና ነው ብሎ ፍሬ ነገሩን ሳይዳኝ መለሰው፣ ባይደን በ2021 ትእዛዙን ሰረዙት። ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

ጥያቄ፦ አሜሪካዊ ዜጋ ነኝ፣ አዲስ አበባ ተመልሼ ነው የምኖረው። መምረጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ድምፅዎ የሚቆጠረው አሜሪካ ለመጨረሻ ጊዜ በኖሩበት ክፍለ ግዛት ነው። የፌዴራሉን የፖስት ካርድ ማመልከቻ በየዓመቱ ጥር አካባቢ ይሙሉ፤ ያለፈው ዓመት ማመልከቻ ይበቃል ብሎ መተማመን ነው ብዙውን ሰው የሚያስቀረው። በጊዜ ላመለከተ ሰው ክፍለ ግዛቱ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ከምርጫው 45 ቀን በፊት መላክ ግዴታው ነው፤ በኢሜይል እንዲላክልዎ ይምረጡ። አመላለሱ ግን እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል፣ አንዳንዱ በፖስታ ካልሆነ አይቀበልም። ወረቀቱ ከዘገየ የዕጩውን ስም በእጅ የሚጽፉበት የፌዴራል መጠባበቂያ ወረቀት አለ። ፊርማዎና ቀኑ መሞላታቸውን ደግመው ይዩ፤ ፊርማው በመዝገብ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ ድምፁ ሊጣል ይችላል። ከዲሲ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ዜጋ ፕሬዚዳንት ይመርጣል፤ ከዲሲ ወደ ፖርቶ ሪኮ የተዛወረው ግን የአሜሪካን ግዛት ሳይለቅ ይህን መብቱን ያጣል።