ለደመራ አዲስ አበባ ልትመጡ ነው? እንግዲህ ጠይቁኝ

መስከረም ሲጠባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ከክፍለ ሀገርም ከውጭም ሰው ስለ ደመራ ይጠይቀኛል። ያደግኩት ቂርቆስ ነው። በልጅነቴ የሰንበት ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሼ መስቀል አደባባይ ዘምሬአለሁ። ካደግኩ በኋላ ደግሞ እንግዳ የመጣ ዘመድ ሁሉ የሚሰጠው ለእኔ ነው። ዘንድሮ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ አንድ ላይ ልመልስ።

ከሀዋሳ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እመጣለሁ። በዓሉ 17 ስለሆነ በ17 ጠዋት ብንደርስ ይበቃናል?

አይበቃችሁም ወንድሜ። የመስቀል በዓል መስከረም 17 ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደመራው የሚለኮሰው ግን በዋዜማው፣ መስከረም 16 አመሻሽ ላይ ነው። በ17 ጠዋት ከደረሳችሁ የሚጠብቃችሁ አመድ ነው። በ15 ግቡ፣ አንድ ሌሊት እረፉ።

እግረ መንገዳችሁን መርካቶ የምትገዙት ነገር ካለም ከደመራው በፊት ጨርሱ። የጉራጌ ሰው ለመስቀል ሀገሩ ይገባል። በዚያ ሰሞን መናኸሪያው ይጨናነቃል፣ መርካቶ ደግሞ ጭር ይላል።

ዋሽንግተን ዲሲ ነው ያለሁት። ትኬት ልቆርጥ ነው። በፈረንጆቹ ቀኑ መቼ ይውላል? ስንት ቀን ልቆይ?

ደመራ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 26 ነው። ጳጉሜ 6 ቀን በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት ግን 27 ይሆናል። ለምሳሌ በእኛ አቆጣጠር በ2016 እንደዚያ ነበር፣ በ2020ም እንደዚያው ይሆናል። የቆየ የቀን መቁጠሪያ አይተሽ ትኬት እንዳትቆርጪ እህቴ።

ጊዜ ካለሽ ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ጨምሪ። በ21 ግሸን ማርያም ናት። ኢሬቻም ከ2012 ጀምሮ በሆራ ፊንፊኔ ይከበራል፣ ከመስቀል ብዙም አይርቅም።

ስንት ሰዓት ልድረስ? በምንስ ልምጣ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው። መርሐ ግብሩ የሚጀመረው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሳቱ ሲለኮስ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። እናንተ ግን ከ6 ሰዓት በፊት እዚያ አካባቢ ሁኑ። ዘግይቶ የመጣ ሰው የሚያየው የፊተኛውን ሰው ማጅራት ብቻ ነው።

ወደ አደባባዩ የሚወስዱ መንገዶች ለመኪና ይዘጋሉ። የትኞቹ እንደሚዘጉ ፖሊስ ቀደም ብሎ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ያሳውቃል፣ አዳምጡ። ራይድም ጠራችሁ ሚኒባስ ያዛችሁ፣ በር ላይ አያደርሳችሁም። ከቦሌ የሚመጣ ኦሎምፒያ አካባቢ ይወርዳል። ከምሥራቅ የሚመጣ ኡራኤል፣ ከምዕራብ የሚመጣ ሜክሲኮ ወይም ለገሃር። ከዚያ በእግር ነው። በእግር መሄዱ ራሱ የበዓሉ ግማሽ ነው። ነጭ የለበሰ ሰው ከየአቅጣጫው እንደ ጅረት እየተገናኘ ሲወርድ ታያላችሁ።

ፍተሻ አለ። ስለት፣ የሚቀጣጠል ነገርና ትልቅ ቦርሳ ቤት ይቅር። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልናገር። ፍተሻው ላይ የወንድና የሴት ሰልፍ ይለያል። ቤተሰብ የሚጠፋፋው እዚያ ነው። አንድ ዓመት የ9 ዓመት የእህቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ። እሷ በሴቶቹ በኩል አለፈች፣ እኔ በወንዶቹ። ማዶ ስደርስ የለችም። ስልክ ብደውል ኔትወርኩ ተጨናንቆ አይሠራም፤ ቢሠራም እሷ ስልክ የላትም። አርባ ደቂቃ ያህል ስሟን እየጠራሁ ዞርኩ። በመጨረሻ ያገኘኋት አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት አጠገብ ነው። አስቀምጠዋት፣ በእፍኟ ቆሎ ሰጥተዋት እያነባች ትቆረጥማለች። ከዚያ ወዲህ ልጅ ይዤ ስሄድ የስልክ ቁጥሬን ወረቀት ላይ ጽፌ ኪሱ ውስጥ እከታለሁ። ብንጠፋፋ የት እንደምንገናኝም ከቤት ሳንወጣ እንነጋገራለን። በእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ብትሉ ማንም ያሳያችኋል።

እናቴ 70 አልፏታል፣ እግሯን ያማታል። ዕድሜ ልኳን ደመራን በቴሌቪዥን ነው ያየችው። ልውሰዳት ወይስ ይቅር?

ይሄን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ አምስት ስድስት ሰዓት መቀመጥ አለ፣ መራመድ አለ፣ ሽንት ቤት እንደልብ አይገኝም። መቆም የምትቸገር ከሆነ አታስጨንቂያት። በሰፈራችሁ ያለው ቤተ ክርስቲያን ደመራ ይደምራል፣ እዚያ ወንበር ይዘሽላት ሂጂ።

መራመድ ከቻለች ግን ውሰጃት። አደባባዩ ዙሪያ እንደ ደረጃ የተሠራ መቀመጫ አለ። ቀደም ብላችሁ ድረሱና ጫፍ ላይ፣ ለመውጣት በሚመች በኩል ያዙ። ስሚንቶው ይቀዘቅዛል፣ የሚነጠፍ ነገር ያዢ። ልጆቹ «እማማ እዚህ ይቀመጡ» እያሉ ቦታ ይለቃሉ፣ በዚህ አትስጊ። እናትሽንም «እንኳን አደረሰሽ» ብሎሻል በያት።

ዝናቡስ? ምን እንልበስ?

የመስከረም ሰማይ አይታመንም። ፀሐይ ሆኖ ውሎ 10 ሰዓት ላይ ሊያወርደው ይችላል። ነጭ የሀገር ባህል ልብስ ከለበሳችሁ ከውስጥ ሹራብ ደርቡ፣ ሲመሽ ይበርዳል። ጫማ የሚሸፍን ይሁን። ጃንጥላ የኋላውን ሰው ስለሚከልል የፕላስቲክ ዝናብ ልብስ ይሻላል።

ልጅ ሆኜ አንድ ዓመት ሜዳው ላይ ተሰልፈን ዶፍ ወረደብን። አንድ ጋቢ ነበረን። ያለበስነው ከበሮውን ነው፤ ቆዳው ከራሰ ይላላል፣ ድምፁም ይሞታል። እኛ ዩኒፎርማችን ገላችን ላይ ተጣብቆ ቆምን። ዝናቡ ሲያባራ ከበሮው ሲመታ ያ ሁሉ ሕዝብ እልል አለ። ስለዚህ ከዘነበ ሮጣችሁ አትውጡ።

ኦርቶዶክስ አይደለሁም። ብመጣ ቅር ይላቸዋል? ምን እንደሚደረግስ ብትነግረኝ?

ማንም ቅር አይለውም፣ ና። ታሪኩን በአጭሩ ይዘህ ግባ። ንግሥት እሌኒ፣ የቆስጠንጢኖስ እናት፣ የክርስቶስን መስቀል ፍለጋ ኢየሩሳሌም ሄደች። ኪራኮስ የሚባል ሽማግሌ ፍንጭ ሰጣት። እንጨት አስደምራ፣ ዕጣን ጨምራ ብታስለኩስ ጢሱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመለሰና መስቀሉ የተቀበረበትን ጠቆማት። ቁፋሮው መስከረም 17 ተጀምሮ መስቀሉ መጋቢት 10 ተገኘ ይላል የቤተ ክርስቲያን ትውፊት። «ደመራ» የሚለውም «ደመረ» ከሚለው ነው፤ እንጨቱም ሰውም አንድ ላይ ይደመራል። በዓሉ በ2006 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል።

አደባባዩ ላይ መጀመሪያ የሰንበት ትምህርት ቤቶች በየተራ ዝማሬ ያቀርባሉ። ሊቃውንቱ በጸናጽልና በመቋሚያ ያሸበሽባሉ። ፓትርያርኩ ይባርካሉ፣ ደመራውን ይዞራሉ፣ ከዚያ ይለኮሳል። ጫፉ ላይ የታሰረችውን አደይ አበባ ልብ ብለህ እያት፣ እሳቱ እስኪደርስባት ድረስ ቢጫዋ ይታያል። ሕዝቡም ጧፉን ያበራል። ምሰሶው ወዴት እንደወደቀ አይተው ትልልቅ ሰዎች ስለ ዓመቱ ይነጋገራሉ።

ጸሎት ሲደረስ ዝም በል፣ ሰው ፎቶ ከማንሳትህ በፊት አስፈቅድ። በቃ ይሄው ነው። ስልክህን ደግሞ የውስጥ ኪስህ ውስጥ አድርገው፣ ሌባ ለበዓል አያርፍም።

በረራዬ የዚያኑ ዕለት ማታ ነው። ደመራውን አይቼ እደርሳለሁ?

አትሞክሪው። የቦሌ መንገድ ዝግ ነው፣ ሰዉም እስኪበተን ጊዜ ይወስዳል። ከቻልሽ በረራውን ወደ 17 አዙሪው። ካልሆነ ሻንጣሽን ጠዋቱኑ ቦሌ አካባቢ አስቀምጪና ከመለኮሱ በፊት ውጪ።

እሳቱ ሲለኮስ ወዲያው ብንወጣ ከግፊያው አናመልጥም?

ሁሉም ሰው እንደዚያ ስለሚያስብ ግፊያው የሚበረታው ያኔ ነው። በተለይ ልጅ የያዘ ሰው ባለበት ይቆይ። ሰላሳ ደቂቃ ብትታገሡ መንገዱ ይተነፍሳል።

ለመውጣት የማትቸኩሉበት ሌላም ምክንያት አላችሁ። ትልቁ ደመራ ካለቀ በኋላ ሰፈሩ ይጀምራል። እኛ በለገሃር በኩል ወደ ቂርቆስ ስንመለስ በየመንደሩ ትንሽ ትንሽ ደመራ ቆሞ ይጠብቀናል። ልጆች ችቦ ይዘው «እዮሃ» እያሉ ይዞራሉ። አንዷ እናት ድፎ ዳቦ ይዛ ትወጣለች፣ አባወራው ባርኮ ይቆርሳል፣ የማያውቁት አላፊ አግዳሚም ይቆረስለታል። እሳቱ ፊትህን ይለበልበዋል፣ ጀርባህን ብርድ ይልሰዋል። ከሩቅ ለሚመጣ ሰው አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ይሄን የመልስ መንገድ ነው የምመርጥለት። ሆቴል ያረፋችሁ ብትሆኑም ቢያንስ አንድ ሰፈር አቋርጣችሁ በእግር ግቡ። ቁሙ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» በሉ። ዳቦ ሲዘረጋላችሁ ተቀበሉ።

አመዱን ግንባር ላይ የሚያደርጉት መቼ ነው? እኔም ማድረግ እችላለሁ?

በማግስቱ፣ በ17 ጠዋት ነው። በማለዳ ተነሺና ከሰፈሩ ደመራ አጠገብ ሂጂ፣ ረመጡ ገና ሙቀት ይኖረዋል። ከዳር ከዳር የቀዘቀዘውን በጣትሽ ትንሽ ነክተሽ ግንባርሽ ላይ የመስቀል ምልክት ታደርጊያለሽ። ካላወቅሽበት አጠገብሽ ያሉ ትልቅ ሰው ጠይቂ፣ በራሳቸው ጣት ያደርጉልሻል።