መልስ፦ ፒ0135 ስላወጣው የፒክአፕ ኦክስጅን ሴንሰር

ወንድሜ፣ የቤንዚን ፒክአፕህ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ቼክ ኢንጂን አብርቶ ነዳጅ መብላት ጀምሯል፣ ስካነሩም ፒ0135 አውጥቷል፤ "ሴንሰሩን ልቀይር?" ብለሃል። ገና አትግዛ። ኮዱ የሚለው ከካታሊስቱ (ከጭስ ማጣሪያው) በፊት ያለው፣ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ሴንሰር የማሞቂያ መስመር ተበላሽቷል ነው፤ ጥፋቱ ፊውዝ ወይም ሽቦ ሊሆን ይችላል።

ፊውዙን አይተህ ከታች ግባ። የደቻቱን ወንዝ በአሸዋው ላይ የሚያቋርጥ መኪና የሽቦ መያዣው ይወልቅና ሽቦው ጭስ ማውጫው ላይ ተኝቶ ይቀልጣል። ሽቦው ደህና ከሆነ ሞተሩ ሲበርድ የሴንሰሩን ሶኬት ንቀልና ማሞቂያውን በመልቲሜትር ለካ። ባለ አራት ሽቦ ከሆነ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሁለቱ የማሞቂያው ናቸው፤ በዴንሶ ሥሪት ሴንሰር ጥቁሮቹ። ጥቂት ኦም ወይም አሥራዎቹ ውስጥ ካነበበ ደህና ነው፤ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ማሞቂያው ደህና ከሆነ ሞተሩን አስነስተህ ከመኪናው በሚመጣው ሶኬት 12 ቮልት መድረሱን እይ።

"የሴንሰሩ ሲግናል ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ካልተወዛወዘ ሞቷል" የሚሉህን በጥንቃቄ ስማ። በብዙዎቹ አዳዲስ ቶዮታዎች ከካታሊስቱ በፊት ያለው የአየርና ነዳጅ ሬሾ ሴንሰር ስለሆነ ያ ልኬት አይሠራበትም።

መቀየር ግድ ከሆነ ጭስ ማውጫው ለብ ሲል በ22 ቁልፍ ፍታ፤ ፍም ሆኖ ከታገልከው ጥርሱን ይዞ ይወጣል። አዲሱን ወደ 40 ኒውተን ሜትር አጥብቀው፣ ጫፉን ቅባት አታስነካ። አሮጌውን በቤንዚን አጥቦ መመለስ ድካም ብቻ ነው። ሞተሩ ላይ ተራ ሲሊኮን ማሸጊያ ከተቀባ ደግሞ ጭሱ አዲሱንም ይገድለዋል።