የተጫረው ጫማ

ልጆቼ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በጠበቃነት ስሠራ ከያዝኳቸው ጉዳዮች ብዙዎቹ የፍቺ ነበሩ። ንብረት ክፍፍል፣ የልጅ ቀለብ፣ ልጁ ከማን ጋር ይኑር። ስለ ትዳርና ስለ ልጅ ምከረን ስትሉኝ ግን ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የሕግ መጽሐፍ ሳይሆን አንድ የጃፓን ፊልም ነው።

ፊልሙ ሂሮካዙ ኮሬኤዳ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው «ከአውሎ ነፋሱ በኋላ» ነው። ሪዮታ የሚባለው አባት ዱሮ ሽልማት ያገኘ ልብ ወለድ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም። አሁን የግል መርማሪ ሆኖ የሰው ባልና ሚስት ይሰልላል፤ ያገኛትን ገንዘብ በብስክሌት ውድድር ላይ ይቆምርባታል። ከሚስቱ ከክዮኮ ተፋቷል። ልጁን ሺንጎን በወር አንድ ቀን ያየዋል፤ ቀለቡን ግን በጊዜው አይከፍልም።

በጃፓን ያኔ ከፍቺ በኋላ የወላጅነት ሥልጣን የሚሰጠው ለአንዱ ወላጅ ብቻ ነበር። ለሁለቱም እንዲሰጥ የሚፈቅደው ማሻሻያ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ይቅርታ፣ ሙያ አይለቅም። የሪዮታ ችግር ግን ሕጉ አይመስለኝም።

አንድ ቀን ለልጁ የቤዝቦል ጫማ ሊገዛ ሱቅ ይገባል። ዋጋው አይቀመስም። ሰው ሳያየው ጫማውን ጫር ያደርገዋል፤ ከዚያ «ጭረት አለበት» ብሎ ዋጋ ያስቀንሳል። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ደንበኞቼ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ዓመቱን ሙሉ የትምህርት ቤት ክፍያ ሳይከፍሉ ለልደት ትልቁን መጫወቻ ተሸክመው የሚመጡት። ይወዳሉ እኮ! ፍቅራቸው ውሸት አልነበረም።

ሪዮታ መረጃም አያጣም። የቀድሞ ሚስቱን ከአዲሱ ወዳጇ ጋር ስትሆን ተደብቆ ይከታተላል። ዛሬ ለዚህ መርማሪ መሆን አያስፈልግም፤ ፌስቡክ ላይ ማምሸት ይበቃል። በተቀጠረበት ሰዓት መድረስ ነው የሚያቅተው።

አንድ ሌሊት አውሎ ነፋስ ይመጣና ሦስቱም በሪዮታ እናት ጠባብ አፓርታማ ያድራሉ። ቦታው ቶኪዮ ውስጥ ኪዮሴ ነው፤ ኮሬኤዳ ራሱ ያደገበት የጋራ መኖሪያ ቤት። አያቲቱን የምትጫወተው እ.ኤ.አ. በ2018 ያረፈችው ኪሪን ኪኪ ናት፤ ለእሷ ብቻ ስትሉ እዩት። ምራቷ እንድትመለስ እንዴት እንደምትመኝ ዓይኗ ይናገራል። የእኛ ፊልም ቢሆን ንጋት ላይ እርቅ ይወርድ ነበር። እዚህ አይወርድም። አባትና ልጅ በዝናብ ወጥተው ልጆች የሚንሸራተቱበት መጫወቻ ሥር ይቀመጣሉ። ልጁ መሆን የፈለግኸውን ሆንክ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። አባት ገና ነው ይለዋል። ነፋስ የበተነውን የሎተሪ ትኬት አባት፣ እናትና ልጅ በጨለማ አብረው ይለቅማሉ። በነጋታው ይለያያሉ።

ያን ሳይ አንድ ደንበኛዬ ትዝ አለኝ። ልጁ ለእናቱ ተወሰነ፤ ለሱ ቅዳሜ ደረሰው። ከችሎት ወጥተን ደረጃው ላይ ቆመና «ቅዳሜ ስወስደው ምን ላድርግ? ምን እንደሚወድ እንኳ አላውቅም» አለኝ። የይግባኝ ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ ነገርኩት።