ስድስት ቦታ አለህ፣ የምትጫወተው ግን በአንድ ፖኬሞን ነው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፋየርሬድ በሚባለው የፖኬሞን ጌም ላይ ስምንቱንም ባጅ ሰብስበህ የመጨረሻዎቹ ውጊያዎች የሚካሄዱበት ኢንዲጎ ፕላቶ ደርሰሃል። ቻሪዛርድህ 64 ሌቭል ነው። ከእሱ ጋር 38 የደረሰ ፒጆት፣ 31 የደረሰ ጎልባት፣ 27 ላይ ያለ ራቲኬትና 25 ላይ ያለ ቴንታኩል ይዘሃል። ስድስተኛው ቦታ ባዶ ነው። እዚያ ካሉት አራት ኃያላን ተፋላሚዎች የመጀመሪያዋ ሎረላይ አምስት ጊዜ መልሳሃለች። አሁን የምትጠይቀው "ባዶው ቦታ ላይ የትኛውን ጠንካራ ፖኬሞን ልጨምር?" ብለህ ነው።

ስም እጠራልሃለሁ፣ ግን ቆይቼ። አንድ ጠንካራ ብትጨምር ብዙም አይለወጥልህም። ቻሪዛርድ ከወደቀ በኋላ ፒጆት ገባ፣ በአንድ ምት ወደቀ፤ ጎልባት ገባ፣ በአንድ ምት ወደቀ፤ አይደል? አራቱ እዚያ ያሉት ለቁጥር ነው።

ይህን የምልህ እኔም እዚያው በር ላይ ለሳምንታት ስለቆምኩ ነው። አክስቴ ከውጭ ስትመጣ ለታላቅ ወንድሜና ለእኔ አንድ ጌም ቦይ አድቫንስ ከነፋየርሬዱ አመጣችልን። ጌሙ የሚይዘው አንድ ሴቭ ብቻ ስለሆነ ሁለታችን የምንጫወተው በአንድ ቡድን ነበር፤ ጠዋት እሱ፣ ከሰዓት እኔ። ቻርማንደርን መረጥን። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ውጊያ በእሱ ጨረስን። ሌሎቹ ዛፍ ለመቁረጥና ውሃ ለመሻገር ብቻ ነበሩ። ቻሪዛርዳችን 70 አለፈ፤ ሎረላይን በጉልበት አለፍናት፣ ሁለተኛውን ብሩኖንም አለፍነው። ሦስተኛዋ አጋታ ጋ ስንደርስ ጄንጋሯ በሂፕኖሲስ አስተኛችው። ከእንቅልፍ የሚያነቃውን አዌክኒንግ አልያዝንም። ወንድሜ ቁልፉን ይጫናል፣ "ተኝቷል" ይላል፤ እንደገና ይጫናል፣ አሁንም ተኝቷል። በተኛበት ቀስ በቀስ አልቆ ወደቀ። ከኋላው የምናስገባው 20ዎቹ ውስጥ ያሉ ልጆች ብቻ ነበሩ። ወንድሜ ምንም ሳይናገር ጌሙን እጄ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ለእኔ ሚዛናዊ ቡድን ማለት ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ነው፦ አንዱ ሲተኛ፣ ሲመረዝ ወይም የማይችለው ሲገጥመው ተራውን የሚረከብ ሌላ ያለው ቡድን። ስድስት የተለያየ ቀለም መሰብሰብ አይደለም።

እስኪ ሎረላይን በዚህ ዓይን እንያት። ድዩጎንግ፣ ክሎይስተር፣ ስሎውብሮ፣ ጂንክስና ላፕራስ አላት፤ ሌቭላቸው ከ51 እስከ 54 ነው። ከጂንክስ በቀር ሁሉም የውሃ ታይፕ (ዓይነት) አለባቸው። በውሃ ምታቸው በሰርፍ ሲመቱህ ቻሪዛርድ እጥፍ ይጎዳል። በአይስ ቢም ሲመቱህ ደግሞ ፒጆትና ጎልባት እጥፍ ይጎዳሉ፤ የሚበር ሁሉ በረዶ ይፈራልና። ቻሪዛርድ ከበረዶው የሚተርፈው እሳትነቱ ስለሚያካክስለት ነው። አየህ፣ ከአምስቱ ሦስቱ የሚበሩ ናቸው። ሦስቱም ኤሌክትሪክ ይፈራሉ፣ ሦስቱም ድንጋይ ይፈራሉ። ቻሪዛርድ ላይማ ድንጋይ አራት እጥፍ ነው። አንዱን የጣለው ነገር ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ይጥላል ማለት ነው።

እኔና ወንድሜ በደብተር ጀርባ የሠራነውን አንተም ሥራው። የስድስቱን ስም ወደ ታች ጻፍ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ የሚፈራውን ታይፕ አስቀምጥ። አንድ ታይፕ ሦስት ጊዜ ከመጣ ከሦስቱ አንዱ ቦታውን ይልቀቅ። ደግሞ ተጠንቀቅ፣ የምታየው ሰንጠረዥ 18 ታይፕ ካለው ለፋየርሬድ አይሆንም። በ2004 የወጣው ይህ ጌም 17 ታይፕ ነው ያለው፤ ፌይሪ የመጣው በ2013 ከኤክስና ዋይ ጋር ነው።

ሁለተኛው ነገር ሙቭ፣ ማለትም ፖኬሞኑ የሚያውቀው ምት ነው። ስድስት ፖኬሞን በአራት ሙቭ ሲባዛ 24 ይሆናል። ቡድንህን እንደ 24 ሙቭ አስበው። በጻፍከው መሠረት ቻሪዛርድህ የያዘው ፍሌምትሮወር፣ ፍላይ፣ ከትና ስትሬንግዝ ነው። ዋናው ተዋጊህ ከአራት ቦታው ሁለቱን ለዛፍ መቁረጫና ለድንጋይ መግፊያ ሰጥቷል እኮ! እነዚህ መንገድ ለመክፈት የሚያገለግሉ የኤችኤም ሙቮች ናቸው፤ እንደሌላው ሙቭ ዝም ብለህ ልትተካቸው አትችልም። ፉሺያ ከተማ ውስጥ ሙቭ የሚያስረሳ ሰውዬ አለ፤ ወደ እሱ ሂድና ከትንና ስትሬንግዝን አስረሳው። ቪክትሪ ሮድን አንዴ አልፈህ ስለወጣህ ወደ ፕላቶው በፍላይ ትመለሳለህ፣ ምንም አይጎድልብህም።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔም ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው። በዚህ ጌም ምቱ ፊዚካል (በአታክ የሚለካ) ይሁን ስፔሻል (በስፔሻል አታክ የሚለካ) የሚወስነው ታይፑ ነው። እሳት፣ ውሃ፣ ሣር፣ ኤሌክትሪክ፣ በረዶ፣ ሳይኪክ፣ ድራጎንና ዳርክ ሁሌም ስፔሻል ናቸው፤ የቀሩት ሁሉ ፊዚካል ናቸው። በየሙቩ መለየት የተጀመረው በ2006 ከዳይመንድና ፐርል ጋር ነው። ይህ በተግባር ምን ያደርጋል መሰለህ? እኛ ማጂካርፕ በ500 ገዝተን፣ 20 እስኪደርስ ለፍተን፣ ጋይራዶስ ሲሆን በደስታ ሰርፍ አስተማርነው። ምቱ ግን እንደጠበቅነው አልሆነም። የጋይራዶስ አታክ 125 ሲሆን ስፔሻል አታኩ 60 ብቻ ነው። ውሃ ደግሞ ስፔሻል ነው። ጉልበቱ አንድ ቦታ፣ ሙቩ ሌላ ቦታ። ስለዚህ አንድ ፖኬሞን ከማስገባትህ በፊት ጉልበቱ በየትኛው በኩል እንደሆነ እይና ሙቩን በዚያው በኩል ስጠው።

አሁን ወደ ስሞቹ ልምጣ።

መጀመሪያ ጆልቲየን። ሴላዶን ውስጥ ካለው ትልቅ ሕንፃ በጀርባ በር ገብተህ እስከ ላይ ስትወጣ ኢቪ በነፃ ታገኛለህ። እዚያው ከተማ ባለው ትልቅ ሱቅ ተንደር ስቶን በ2100 ግዛና ወደ ጆልቲየን ለውጠው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ኢቪውን የምትቀበለው 25 ሌቭል ላይ ስለሆነ ጆልቲየን ቀደም ብሎ የሚማረው የኤሌክትሪክ ሙቭ አምልጦታል፤ ከ50 በላይ እስኪደርስ ድረስ ራሱ የሚማረው የኤሌክትሪክ ማጥቂያ የለውም። ስለዚህ ሌተናንት ሰርጅ የሰጠህን ሾክ ዌቭ፣ ማለትም ሙቭ የሚያስተምረውን ቲኤም 34ን፣ ለሌላ ካልሰጠኸው ለእሱ አድርገው። ገንዘብ ካለህ ተንደርቦልት ሴላዶን ጌም ኮርነር በ4000 ኮይን ይገኛል፤ ኮይኑን በሙሉ ከገዛኸው 80,000 ያወጣል፣ ቀላል አይደለም። ግን ከሎረላይ አምስቱ አራቱን እጥፍ የሚመታ፣ በፍጥነትም የሚቀድማቸው ይኸው ነው። ጂንክስን ቻሪዛርድ በእሳት ይጨርሳታል። ሎረላይ በሁለት ሰው አለቀች ማለት ነው።

ቀጥሎ ላፕራስ። ሲልፍ ካምፓኒ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሠራተኛ በነፃ ይሰጥሃል፤ ካልወሰድከው ተመለስና ጠይቀው። ሰርፍ አስተምረው። አይስ ቢም ሌቭሉ ትንሽ ከፍ ሲል ራሱ ይማራል። ይህን ፖኬሞን የምፈልገው ለአራተኛው ተፋላሚ ለላንስ ነው። የላንስ ድራጎናይት 60 ሌቭል ነው፤ ድራጎንም ስለሆነ የሚበርም ስለሆነ በረዶ አራት እጥፍ ይጎዳዋል። ሁለቱ ድራጎኔርም በረዶ አይችሉም። ጋይራዶሱን ጆልቲየን በአራት እጥፍ ይመታልሃል። የብሩኖ ሁለት ኦኒክስም በሰርፍ አራት እጥፍ ይጎዳሉ።

"ቴንታኩሌን ግን እወደዋለሁ" ካልክ አልከራከርህም። 30 ሲደርስ ቴንታክሩል ይሆናል፤ ስፔሻል ዲፌንሱ 120 ነው፣ ውሃና በረዶ በግማሽ ነው የሚጎዱት። አይስ ቢምን በቲኤም 13 ታስተምረዋለህ። ያኔ የላፕራስን ሥራ እሱ ይሠራል። ዋናው ያ ሥራ ባለቤት ማግኘቱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ግን አልመክርህም፤ ሁለቱም ኤሌክትሪክ ይፈራሉ፣ ሥራቸውም አንድ ነው።

ከዚያ ስኖርላክስ፤ ለእኔ የቡድኑ ምሰሶ እሱ ነው። በጌሙ ውስጥ ሁለት አሉ፣ ሩት 12 እና ሩት 16 ላይ መንገድ ዘግተው ይተኛሉ። አንተ ወደ ፉሺያ የሄድከው በአንዱ መንገድ ከሆነ ሌላው አሁንም እዚያው ተኝቶህ ይሆናል። ፖኬ ፍሉቱን ከመንፋትህ በፊት ሴቭ አድርግ። ኤችፒው (ጤናው) ብዙ ነው፣ አታኩም 110 ነው። ቦዲ ስላምን ራሱ ይማራል፤ ጆቫኒ የሰጠህን ኧርዝኩዌክም ለእሱ ስጠው። ቲኤም አንዴ ከተጠቀምክበት ያልቃል፤ ስለዚህ ኧርዝኩዌክን የምትሰጠው እስከ መጨረሻው አብሮህ ለሚቆይ ብቻ ይሁን። ገንዘብ ከተረፈህ የጎስት ምት የሆነውን ሻዶው ቦልም ከጌም ኮርነር ግዛለት። የጎስት ምት እንደ ስኖርላክስ ያለ ኖርማል ታይፕን አይነካም፤ ሻዶው ቦል ግን በዚህ ጌም ፊዚካል ስለሆነ በስኖርላክስ ጉልበት ይመታል። የአጋታ ጄንጋር በሻዶው ቦሏ ስኖርላክስን ልትነካው አትችልም፤ እሱ በራሷ መሣሪያ ይጥላታል። እኛ አጋታን ያለፍነው እንዲህ ነው። በዚያን ዕለት ሂፕኖሲሱ ያዘው፤ ግን ይህን ያህል ኤችፒ ያለው ፖኬሞን ተኝቶም ይቆያል፣ ነቅቶም ይመታል።

አምስተኛው ካዳብራ ነው። ሩት 24 ላይ ሲያድግ ካዳብራ የሚሆነውን አብራን ትይዛለህ፤ ቴሌፖርት አድርጎ ያመልጥሃልና ትዕግሥት ያዝ። ካዳብራ ወደ መጨረሻው ደረጃው ወደ አላካዛም የሚያድገው በትሬድ፣ ማለትም ከሌላ ተጫዋች ጋር በመለዋወጥ ብቻ ነው። እኛ ሁለተኛ ጌም ቦይ ስላልነበረን እስከ መጨረሻው ካዳብራ ሆኖ ቀረ፤ እንደዚያም ሆኖ ለብሩኖ ተዋጊዎች በቂ ነበር። የአጋታም አምስቱ መርዝ ስላለባቸው ሳይኪክ ሁሉንም ይጎዳቸዋል። አካሉ ግን ስስ ነው፤ ቀድሞ መቶ ካልጨረሰ ይወድቃል።

ስድስተኛው ቦታ ላይ ፒጆትህ ይቆይ። ፍላይን ለእሱ ስጥና የቻሪዛርድን ሦስተኛ ቦታ ነፃ አውጣ። ጎልባትና ራቲኬት ግን ቦክስ (ማከማቻ) ይግቡ።

ሌቭልን በተመለከተ ቻሪዛርድን ከዛሬ ጀምሮ አቁመው፤ 64 ለዚህ ጌም ከበቂ በላይ ነው። መጨረሻ ላይ የምትገጥመው የተቀናቃኝህ ብላስቶይዝ 63 ነው። እኛ ያለፍነው ሌሎቹን ከ50 እስከ 53 አድርሰን ነው። ቨርሚሊየን ፖኬሞን ሴንተር ውስጥ ያለችው ሴት ቪኤስ ሲከር ትሰጥሃለች፤ በእሱ ያሸነፍካቸውን ትሬነሮች ደግመህ ትገጥማለህ። ከጫካ ፖኬሞን ይልቅ እነሱ ብዙ ኤክስፒ (ሌቭል የሚያሳድግ ነጥብ) ይሰጣሉ፣ ገንዘብም ታገኛለህ። ደካማውን ከፊት አስቀምጥ፣ ውጊያው ሲጀመር በቻሪዛርድ ለውጠው፤ ኤክስፒው ለሁለት ይከፈላል። 50 ዓይነት ፖኬሞን ከያዝክ ደግሞ ሩት 15 ላይ የፕሮፌሰር ኦክ ረዳት ኤክስፒ ሼር ይሰጥሃል። ያኔ ደካማው ሳይወጣም ያድጋል።

አሰልቺ ነው፣ አልዋሽህም። እኛ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል። ግን ወንድሜ ተመልሶ አጠገቤ የተቀመጠው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ነው። ላንስ ጋ ስንደርስ ቻሪዛርድ ወድቆ ነበር፤ ድራጎናይቱ ሲወጣ ላፕራስን አስገባሁ። ወንድሜ "በቃ፣ አይስ ቢም" አለ፤ ተጫንኩ።

አሁን መጀመሪያ ፉሺያ ሂድ፣ ከዚያ ሴላዶን። ሾክ ዌቩንና ኧርዝኩዌኩን ለማን እንደሰጠሃቸው ቦርሳህን አይተህ እዚሁ ጻፍልኝ። ቀድመው አልቀው ከሆነ የጆልቲየንንና የስኖርላክስን ሙቭ ሌላ መላ እንፈልግላቸዋለን።