የጥናት ተቋማት ምክር ከውሳኔ ሰጪው ጠረጴዛ እንዴት ይደርሳል?

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የፖሊሲ ጥናት ተቋማት በብሔራዊ ደኅንነትና በፐብሊክ ዲፕሎማሲ (የሌላ አገር ሕዝብን አመለካከት ለመሳብ በሚደረግ ሥራ) ስላላቸው ድርሻ የሚጠይቁ ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምረን ለአምስቱ መልስ ሰጥተናል። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የመከላከያም ሆነ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች የራሳቸው የጥናት ክፍል አላቸው። ታዲያ በውጭ ያለ ተቋም ምን የተለየ ነገር ይጨምራል? ለመሆኑ የእነዚህ ተቋማት ጥናት የመንግሥትን ውሳኔ ለውጦ ያውቃል?
የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ

መልስ፦ አዎ፣ ለውጦ ያውቃል። የመሥሪያ ቤቱ የጥናት ክፍል በአብዛኛው የሚመልሰው አለቃው የጠየቀውን ነው። ጥያቄው ከመነሻው የተጣመመ ከሆነ ደግሞ መልሱ የቱንም ያህል ቢደክሙበት አያቃናውም። «መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነው» ብሎ ለመናገር ከአለቃው ዕዝ ትንሽ ራቅ ማለት ያስፈልጋል። የውጭ ተቋም ትልቁ ጥቅም ይኸው ርቀት ነው።

ራንድ የተባለውን የአሜሪካ ተቋም እንውሰድ። በ1946 በዳግላስ የአውሮፕላን ኩባንያ ሥር የአየር ኃይል ፕሮጀክት ሆኖ ተጀመረ፤ በ1948 ደግሞ ራሱን የቻለ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆነ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አየር ኃይሉ ያቀረበለት ጥያቄ ስለ ባሕር ማዶ የጦር ሰፈሮች አመራረጥ ነበር፤ የት ይሠሩ፣ ወጪያቸውስ እንዴት ይቀነስ የሚል። አልበርት ዎልስቴተርና ባልደረቦቹ ግን ሌላ ነገር አስልተው መጡ። ለሶቪየት ኅብረት ቅርብ የሆኑት ሰፈሮች በድንገት ቢመቱ፣ አጸፋውን ለመመለስ ስንት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይተርፋል? ስሌቱ ያሳየው ኃይሉ ገና መሬት ላይ እንዳለ ሊመታ እንደሚችል ነው። ስለዚህ አውሮፕላኖቹ አገር ቤት እንዲቀመጡ፣ የባሕር ማዶ ሰፈሮች በዋናነት ነዳጅ መሙያ እንዲሆኑ መከሩ። ከ400 ገጽ በላይ ያለው ዘገባ በ1954 ወጣ። ከዚያ በፊት ግን ሐሳቡ በካርታና በሠንጠረዥ ተደግፎ ለአየር ኃይሉ መኮንኖች በቃል ደጋግሞ ቀርቦ ነበር። ሹማምንቱን ያሳመነው ይህ አድካሚ የማብራሪያ ሥራ ነው፤ ወፍራሙ ዘገባ የመጣው በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ፍጥነትን ያሳያል። የማርሻል ፕላን፣ ማለትም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ አውሮፓን መልሶ ለመገንባት የሰጠችው ዕርዳታ፣ በአሜሪካ ምክር ቤት ሲመከርበት አንድ ጥያቄ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር፤ ገንዘቡን ማን ያስተዳድር? የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ወይስ ሌላ? የሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሊቀመንበር አርተር ቫንደንበርግ ጥያቄውን ብሩኪንግስ ለተባለው የዋሽንግተን የጥናት ተቋም ያቀረቡት ዲሴምበር 30 ቀን 1947 ነው። ተቋሙ ጃንዋሪ 22 ቀን 1948 መልስ ሰጠ፦ በአንድ ኃላፊ የሚመራ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ይቋቋም፣ ኃላፊውም የካቢኔ ደረጃ ኖሮት ተጠሪነቱ ለፕሬዚዳንቱ ይሁን። ሕጉ በኤፕሪል 1948 ሲጸድቅ አስተዳደሩ ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ውጭ በተቋቋመ አዲስ መሥሪያ ቤት ሥር ሆነ። ምክሩ ያገለገለው ውሳኔው ገና ክፍት ሳለ ስለደረሰና በሕግ ቋንቋ ሊጻፍ የሚችል ስለነበረ ነው። ይኸው ሐሳብ በሜይ ቢመጣ ኖሮ ለታሪክ ተመራማሪዎች ብቻ በተረፈ ነበር።

ጥያቄ፦ በአንድ የጥናት ተቋም ውስጥ እሠራለሁ። ስለ ድንበር ደኅንነት 60 ገጽ ጥናት ጨርሰን ለሚመለከተው ሚኒስቴር ላክን። «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ከሚል ደብዳቤ በቀር ምንም አልሰማንም። ምን ጎደለን?
ተመራማሪ

መልስ፦ 60ውን ገጽ ማንም እንዳላነበበው ገምተው ይነሡ። ጥፋቱ ግን የአንባቢው ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ማን እንደሚወስን፣ መቼ እንደሚወስንና በየትኛው ሥልጣን እንደሚወስን ሳይጣራ ይጀመራል።

ስለዚህ መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያ ይሥሩ። በጀት የሚዘጋው መቼ ነው? አዋጁ ወይም ስትራቴጂው የሚከለሰው መቼ ነው? ከጎረቤት አገር ጋር የሚደረገው የጋራ ኮሚሽን ስብሰባስ? የጥናትዎ ማጠቃለያ ከእነዚህ ቀናት ቢያንስ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድሞ መድረስ አለበት፤ ባለሙያዎቹ ለኃላፊው ማስታወሻ የሚጽፉት በዚያን ጊዜ ነውና። ያ ማስታወሻ ጸሐፊ ደግሞ ዋናው አንባቢዎ ነው። ሚኒስትሩ ዘንድ የሚደርሰው የእርስዎ ወረቀት ሳይሆን የእሱ አንድ ገጽ ነው። ጥናቱ በሚካሄድበት ጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ ያነጋግሩት፤ ረቂቁን አሳይተው «ይህን ለማስፈጸም የሚያስቸግርህ የቱ ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁት።

ከሙሉ ጥናቱ ጋር ከሁለት እስከ አራት ገጽ የሆነ የፖሊሲ ማጠቃለያ ያዘጋጁ። የመጀመሪያው አንቀጽ ምን እንዲወሰን እንደሚጠይቁ፣ በማንና እስከ መቼ እንደሆነ ይናገር። መግቢያና የጉዳዩ ታሪክ እዚህ ቦታ የላቸውም። ቀጥሎ ሦስት አማራጮች ይቅረቡ፣ አንዱ «አሁን ያለው ይቀጥል» የሚለው ይሁን፤ ኃላፊው ምንም ባያደርግ ምን እንደሚከተል ማወቅ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ አማራጭ ወጪውን፣ የሚያስፈልገውን የሰው ኃይል፣ ማን እንደሚቃወመውና ከከሸፈ የሚያስከትለውን አደጋ ይጻፉ። ማስረጃዎ ጠንካራ የሆነበትንና ግምት ብቻ የሆነበትን ለይተው ያሳዩ። ይህን የማይለይ ተቋም አንድ ጊዜ ሲሳሳት ትክክል የተናገረውም አብሮ ይጣልበታል።

አሁን ወደ ምክረ ሐሳቡ እንምጣ፤ ትልቁ ድክመት የሚታየው እዚህ ነው። «በድንበር ላይ የተቀናጀ ቁጥጥር ሊኖር ይገባል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የሚቃወም የለም፤ ሊፈጽመው የሚችልም የለም። በፈጠራ ምሳሌ እናሳይ። «በሦስቱ ኬላዎች የጉምሩክ፣ የኢሚግሬሽንና የፖሊስ ፈረቃ የሚቀያየርበት ሰዓት የተለያየ ስለሆነ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ኬላው የተሟላ ሠራተኛ አይኖረውም። ሦስቱ ተቋማት በጋራ በሚያወጡት መመሪያ ፈረቃው በአንድ ሰዓት ይሁን። አዲስ በጀት አይጠይቅም። ውጤቱ በሦስት ወር ውስጥ ከኬላው መዝገብ ይታያል።» ይህን ያነበበ ኃላፊ ነገ ጠዋት ለማን ስልክ እንደሚደውል ያውቃል።

ከመላኩ በፊት ረቂቁን ሐሳብዎን ለማይጋራ አንድ ባለሙያ ይስጡት፤ ድክመቱን እንዲፈልግ እንጂ እንዲያመሰግን አይጠይቁት። ሌላው የሚዘነጋው ጉዳይ የወዳጅ ተቋማት ፉክክር ነው። ምክረ ሐሳቡ የአንዱን መሥሪያ ቤት ሥልጣን ለሌላው የሚሰጥ ከሆነ፣ የሚያጣውም ወገን ቀድሞ መስማት አለበት፤ አለዚያ ወረቀቱን የሚያቆመው እሱ ነው። ለሚኒስቴሩ በላኩበት ዕለት ለጋዜጠኞች መግለጫ መስጠትም በር ይዘጋል። ኃላፊ ያልሰማውን ነገር በዜና ሲጠየቅ የሚያደርገው መከላከል ነው።

ጥያቄ፦ የደኅንነት ጉዳይ በምስጢር የተያዘ ነው። ምስጢራዊ ሰነድ የማያይ ተቋም ምን ሊያውቅ ይችላል?
ጡረታ የወጡ መኮንን

መልስ፦ ከሚገመተው በላይ ያውቃል። በ1966 በስዊድን የተመሠረተው የሰላም ጥናት ተቋም ሲፕሪ በዓለም የሚታወቅበትን የወታደራዊ ወጪና የጦር መሣሪያ ዝውውር መረጃ የሚሰበስበው ከግልጽ ምንጮች ነው፤ የዝውውር መረጃው ከ1950 ጀምሮ ያለውን ይሸፍናል። የበጀት ሰነድ፣ የጨረታ ማስታወቂያ፣ የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ፣ የሳተላይት ምስልና የንግድ መዝገብ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙ ይናገራሉ። እንዲያውም አንድ ጥቅም አለው፦ በግልጽ ምንጭ የተሠራ ጥናት በአደባባይ ሊሞገት ይችላል፣ በድርድር ጠረጴዛም ለሌላው ወገን ሊታይ ይችላል። ገደቡ ግን በሐሳብ ላይ ነው። ጦሩ ምን እንዳለው ከግልጽ ምንጭ ይታወቃል፤ መሪው ምን እንዳሰበ ግን ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ይህን ድንበር የሚያልፍ ተንታኝ ሲያዩ ይጠራጠሩ።

ጥያቄ፦ ፐብሊክ ዲፕሎማሲ የመንግሥት ሥራ ነው። የጥናት ተቋም ሲገባበት የመንግሥት አፈ ቀላጤ መሆኑ አይደለም? «የቻተም ሃውስ ደንብ» የሚባለውስ ምንድን ነው?
የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ

መልስ፦ አፈ ቀላጤ በሆነ ዕለት ጥቅሙ ያበቃል። አምባሳደር ሲናገር አድማጩ መመሪያ እየተነበበለት እንደሆነ ያውቃል። የጥናት ተቋም ባለሙያ የሚደመጠው በሌላ ጉዳይ ላይ የራሱን መንግሥት ሲተች ስለታየ ነው። ስለዚህ መንግሥት ከተቋሙ የሚያገኘው ትልቅ ጥቅም የሚመጣው ነፃነቱን ሲታገሠው ነው፤ ይህ ለብዙ ሹማምንት መራራ ቢሆንም እውነት ነው።

ተቋሙ የሚሰጠው ሌላው ነገር ባለሥልጣናት በይፋ ሊገናኙ በማይችሉበት ጊዜ የሚገናኙበት ምክንያት ነው። ፋፎ በ1982 በኖርዌይ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተ የጥናት ተቋም ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጋዛና በዌስት ባንክ ስላለው የኑሮ ሁኔታ ጥናት ያካሂድ ነበር። ጥናቱ ከሁለቱም ወገን ጋር መተዋወቅን አመጣ። በጃንዋሪ 1993 በኖርዌይ ሳርፕስቦርግ አቅራቢያ በምስጢር ንግግር ሲጀመር ሽፋኑ የምሁራን ውይይት ነበር። በእስራኤል በኩል የመጡት ያይር ሂርሽፌልድና ሮን ፑንዳክ የተባሉ ሁለት ምሁራን ሲሆኑ፣ በፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት በኩል ልዑኩን የመሩት አሕመድ ቁሬይ ናቸው። ንግግሩ ባይሳካ የእስራኤል መንግሥት «የምሁራን ወሬ ነው» ብሎ ሊክድ ይችል ነበር፤ ሲገፋ ግን ከሜይ ጀምሮ የመንግሥት ባለሥልጣን ገባበት፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1993ም የኦስሎ ስምምነት የሚባለው የሁለቱ ወገኖች ስምምነት በዋሽንግተን ተፈረመ። ስምምነቱ ኋላ የገጠመው መከራ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ የምናየው ሁለቱም ወገን የሚያምኑት የጥናት ሥራ ቀድሞ ባይኖር በሩ በዚያ መንገድ ሊከፈት እንደማይችል ነው።

እንዲህ ያለ የሁለተኛ መስመር ውይይት፣ ማለትም ከይፋዊው የመንግሥታት ድርድር ውጭ የሚደረግ ንግግር፣ የሚያዘጋጅ ሁሉ የሚጠነቀቅባቸው ነገሮች አሉ። ተሳታፊዎች በድምሩ ከ12 እስከ 20 ቢሆኑ ይበጃል፤ ከዚያ ሲበዛ ሰው ንግግር ማድረግ ይጀምራል። ጊዜው ሁለት ቀን ሆኖ ረጅም ዕረፍት ይኑረው፤ ቁም ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከአዳራሹ ውጭ ነው። ከእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ አንድ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ለውሳኔ ሰጪ በቀጥታ መንገር የሚችል መሆን አለበት፤ ይህ ካልተሟላ መልካም ሐሳብ እዚያው ይቀራል። የጋራ መግለጫ ለማውጣትም አይቸኩሉ፤ ሁለተኛው ቀን በሙሉ በቃላት ክርክር ያልቃል።

የቻተም ሃውስ ደንብ ስሙን ያገኘው በ1920 ከተመሠረተው የለንደኑ ተቋም ሲሆን፣ የወጣው በ1927 ነው። ተሳታፊ የሰማውን ሐሳብ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ማን እንደተናገረው፣ ተናጋሪው ከየት እንደሆነና ሌላ ማን እንደነበረ ግን አይገልጽም። ብዙዎች ሁሉም ነገር ምስጢር የሆነ ይመስላቸዋል፤ እንዲያ አይደለም። ስሕተቱ የሚበዛው በዝርዝሩ ነው፦ «አንድ የጎረቤት አገር ጄኔራል እንዳሉት» ብሎ መጻፍ፣ በስብሰባው አንድ ጄኔራል ብቻ ከነበረ፣ ስም ከመጥራት አይለይም። ፎቶግራፍ በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍም እንዲሁ። ደንቡ ሥራ ላይ እንደሆነ ስብሰባው ሲከፈት በግልጽ ይነገር፤ በመካከል ይፋዊ ንግግር ካለ የትኛው ክፍል በደንቡ እንደማይገዛ ይለይ።

ጥያቄ፦ አንድ ተቋም የማንን ጥቅም እንደሚያራምድ እንዴት ማወቅ እችላለሁ?
ጋዜጠኛ

መልስ፦ ጉዳዩ ተገቢ ሥጋት ነው። በ2014 ኒውዮርክ ታይምስ የውጭ መንግሥታት ለታወቁ የዋሽንግተን ተቋማት ስለሚሰጡት ገንዘብ ሰፊ ዘገባ ካወጣ በኋላ ጥያቄው በየአገሩ ተነሥቷል። አሜሪካ ለውጭ ወገን የሚሠሩ ሰዎች እንዲመዘገቡ የሚያስገድድ ሕግ ያላት ከ1938 ጀምሮ ነው፤ ምርምር የሚባለው የት አብቅቶ ውክልና የት እንደሚጀምር ግን ዛሬም ያከራክራል።

ዓመታዊ ሪፖርቱን ይክፈቱ። የለጋሾች ስም ብቻ ከሆነ ያለው በቂ አይደለም፤ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሰጠና ለየትኛው ሥራ እንደሰጠ ይፈልጉ። ከገቢው ግማሽ ያህሉ ከአንድ ምንጭ ከመጣ ያ ምንጭ ስለሚነካቸው ጉዳዮች ተቋሙ ምን እንደጻፈ፣ ከዚያም በላይ ምን ሳይጽፍ እንደተወ ይመልከቱ። የተገዛ ተቋም ሐሰት መጻፍ የግድ የለበትም፤ አንዳንድ ርእስ አለማንሣቱ ይበቃል። ተንታኙ በጎን ለጦር መሣሪያ አምራች እንደሚያማክር ወይም በቅርቡ ከሥልጣን እንደወረደ በጽሑፉ ግርጌ ተገልጿል ወይ? ለኃላፊውም አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ ለጋሹ ጥናቱን ከመታተሙ በፊት ያየዋል? ጤናማው አሠራር ለጋሹ በተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ፣ ስለ ሐቅ ስሕተት ብቻ አስተያየት መስጠት የሚችልበት፣ መደምደሚያውን ግን የማይነካበት ነው። ይህ በውሉ ተጽፎ ከሆነ አንቀጹን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። «በቃል ተስማምተናል» ካሉዎት ያንኑ በዘገባዎ ያስፍሩት።