ሥዕሉ ያው፣ ድምፁ ሌላ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የዳይሬክተር ጆርጅ ሮሜሮን አስፈሪ ፊልም «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። በቅርቡ «የ30ኛ ዓመት እትም» የሚል ዲቪዲ አግኝቼ በጉጉት ከፈትኩት። ሙዚቃው የማውቀው አይደለም። አይቻቸው የማላውቃቸው ትዕይንቶችም ገብተውበታል። ጓደኛዬ «አሮጌ ነገር ሲታደስ እንዲህ ነው» ይለኛል። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ማየት አቃተኝ። ፊልሙን ማን ለወጠው? ማንስ ፈቀደለት?
ቅር የተሰኘ ተመልካች

መልስ፦ ቅሬታዎ ቅሬታዬ ነው። የጓደኛዎን አባባል ግን አልቀበልም። ያረጀ ፊልም ማደስ ማለት ጭረቱን ማጥፋት፣ የደበዘዘውን ማጥራት ነው እንጂ ሙዚቃውን አውጥቶ ሌላ መክተት አይደለም።

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በእጅዎ ያለው እትም የተዘጋጀው በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ሥራውን የመራው ከሮሜሮ ጋር የፊልሙን ጽሑፍ የጻፈው ጆን ሩሶ ነው። አዳዲስ ትዕይንቶች ተቀረጹ፤ ለእነሱ ቦታ ለማስለቀቅ ከነባሩ ተቆረጠ፤ የስኮት ቭላዲሚር ሊሲና አዲስ ሙዚቃም የቀድሞውን ተካ። ሮሜሮ እጁን አላስገባበትም።

ማን ፈቀደ ላሉት፣ ታሪኩ ያንገበግባል። ፊልሙ መጀመሪያ «ናይት ኦፍ ዘ ፍሌሽ ኢተርስ» ይባል ነበር። አከፋፋዩ ድርጅት ርእሱን ሲቀይር፣ ከርእሱ ጋር የነበረው፣ «መብቱ የእነ እገሌ ነው» የሚለው የባለቤትነት ማስታወቂያ አብሮ ወጣና በአዲሱ ላይ ሳይጻፍ ቀረ። በዚያን ጊዜ በነበረው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ያለ ማስታወቂያ ለሕዝብ የቀረበ ሥራ የባለቤትነት መብቱን ያጣ ነበር። አንዲት መስመር በመጉደሏ ሠሪዎቹ የልፋታቸውን ዋጋ ሳያገኙ ቀሩ፤ ፊልሙም ለደረሰበት ሁሉ ክፍት ሆነ። ጥቁርና ነጩን ቀለም የቀቡትም አሉ።

አሁን ወደ ሙዚቃው ልምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። የአዲሱ እትም ደጋፊዎች ጠንካራ የሚመስል መከራከሪያ አላቸው፦ ነባሩ ሙዚቃ ለፊልሙ ተብሎ አልተደረሰም፤ ለማንም ከሚሸጥ የሙዚቃ ክምችት የተወሰደ ነው፤ ታዲያ ቢለወጥ ምን ጎደለ? ይላሉ። ከክምችት መወሰዱ እውነት ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ቅንብር በ1959 በወጣው «ቲንኤጀርስ ፍሮም አውተር ስፔስ» በተባለ የጠፈር ፊልም ውስጥ ይሰማል። ነገር ግን መርጦ ያስገባው ካርል ሃርድማን ነው፤ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ምድር ቤት የሚደበቀውን ቁጡ አባት ሆኖ የተወነው ራሱ። ምርጫው ደግሞ የጆሮ አዋቂ ምርጫ ነው። መኪናዋ ወደ መቃብሩ ስትጠማዘዝ የሚሰማው ሙዚቃ የዘመኑ ተመልካች ደጋግሞ የሰማው ዓይነት ነው። «ይህን ታሪክ አውቀዋለሁ፤ ቢያስደነግጠኝም በመጨረሻ ነገሩ ይስተካከላል» ብሎ ወንበሩ ላይ እንዲደላደል ያደርገዋል። ፊልሙ ያንን መተማመኛ ቀስ በቀስ ይነጥቀዋል። አዲሱ ሙዚቃ ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ «ፍራ፣ ፍራ» እያለ ይወተውታል፤ አስቀድሞ የተነገረው ሰው እንዴት ይዘናጋል?

ምድር ቤት ውስጥ የሆነውን ያስታውሱ። የታመመችው ልጅ መኮትኮቻ አንስታ ወደ እናቷ ስትመጣ፣ የእናትየዋ ጩኸት በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተደራርቦና ተጣሞ ይመላለሳል፤ ከሰው ጉሮሮ መውጣቱ እስኪያጠራጥር ድረስ። ዓይኔን ጨፍኜ ድምፁን ብቻ አዳምጬዋለሁ። ከማየቱ መስማቱ ይከብዳል። ይህን የሠሩት ገንዘብ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው፤ በገንዘብ ፈንታ ግን ጆሮ ነበራቸው። «ርካሽ ነበርና ይቀየር» የሚል ሰው ሥራውን አልሰማውም ባይ ነኝ።

ደግነቱ፣ ነባሩ ፊልም አልጠፋም። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምና የድሮ ፊልሞችን የሚያድነው ዘ ፊልም ፋውንዴሽን ከመጀመሪያው ኔጌቲቭ፣ ካሜራው ከቀረጸበት ጥሬ ፊልም፣ አድሰውት በ2016 ለእይታ በቃ። አሳታሚው ክራይቴሪየን በ2018 ያወጣው ዲስክ ይኸው ነው፤ ሮሜሮ ከመሞቱ በፊት ከድምፅ ባለሙያው ከጋሪ ስትራይነር ጋር ሥራውን ተቆጣጥሯል፤ ድምፁም ነባሩ ሞኖ፣ ማለትም ባለ አንድ መስመር፣ ነው። እሱን ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ በ1931 የተሠራውን «ድራኩላ» የፊሊፕ ግላስ ሙዚቃ ታክሎበት አይቼ በጣም ወደድኩት። ይህን ስናገር የድሮ ፊልም ወዳጆች ተቆጡኝ። አጥፍቻለሁ?

መልስ፦ በፍጹም። ግላስ ያን ሙዚቃ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለክሮኖስ ኳርቴት፣ ለአራት ባለ አውታር መሣሪያ ተጫዋቾች ቡድን፣ ሲጽፍ የማንንም ሥራ ፍቆ አልነበረም፤ ፊልሙ ሙዚቃ አልነበረውም ማለት ይቻላል። በዲስኩ ላይም ከነባሩ ድምፅ ጎን በምርጫ ነው የተቀመጠው። ያልወደደው ወደ ነባሩ ይመለሳል።

እኔ ከሚመለሱት ወገን ነኝ። መግቢያው ላይ የቻይኮቭስኪ «ስዋን ሌክ» ይሰማል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ድራኩላን የሚጫወተው ቤላ ሉጎሲ ሻማ ይዞ በግንቡ ደረጃ ላይ እንግዳውን ሲቀበል፣ ከውጭ ተኩላዎች ይጮኻሉ፤ እሱም ንግግሩን ቆም አድርጎ ያዳምጣቸዋል። እኛም አብረነው እናዳምጣለን። አራት ባለ አውታር መሣሪያዎች ያን ክፍተት ሲሞሉት የሉጎሲ ማዳመጥ ትርጉሙ ይቀንስብኛል። እርስዎ ግን በወደዱት ይደሰቱ።

ጥያቄ፦ ቤቴ አምስት ድምፅ ማጉያዎች አሉኝ። የድሮ ፊልም በሞኖ ሲሆን አራቱ ያለ ሥራ ይቀመጣሉ። አዲስ ቅልቅል፣ ድምፁን ለብዙ ማጉያ እንደገና ማቀናበር፣ ሁሉ መጥፎ ነውን?

መልስ፦ ሁሉም አይደለም። ጥያቄው በምን ተሠራ የሚለው ነው። የንግግሩ፣ የሙዚቃውና የልዩ ልዩ ድምፆቹ ቅጂዎች ተለያይተው ከተቀመጡ፣ ባለሙያው ሳያበላሽ ሊያሰፋው ይችላል። ከጠፉ ግን ንግግሩ እንዳለ ይቀርና የበሩ ሲጥሲጥታ፣ የእግሩ ኮቴ፣ የጥይቱ ድምፅ ከሌላ ክምችት እየመጣ ይተካል። የሚታየው የዚያ ዘመን በር ነው፤ የሚሰማው ግን ትናንት የተቀዳ።

ሞኖ ያልሆነውም ይጎዳል። የጣሊያናዊው ዳይሬክተር የዳሪዮ አርጀንቶ አስፈሪ ፊልም «ሱስፒሪያ» በ1977 ሲወጣ ባለ አራት መስመር ድምፅ ነበረው፤ ያ የእንግሊዝኛ ቅልቅል ወደ ተመልካች ጆሮ የተመለሰው ከአርባ ዓመት በኋላ በተደረገ እድሳት ነው። «ዘ ኤክሶርሲስት» በ1973 ወጥቶ በድምፁ ኦስካር አግኝቷል። በ2000 ረዘም ብሎና ድምፁ እንደገና ተሠርቶ ሲመጣ ዳይሬክተሩ ዊልያም ፍሬድኪን ራሱ ነበረበት። የእሱን መብት አልከራከርም፤ ይሁንና የተሸለመው ሥራ ዛሬም ለፈለገው ሰው መገኘት አለበት እላለሁ። ሁለቱም ቅጂዎች በኋላ በብሉሬይ አብረው ወጥተዋል፤ ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ ጠብ ባልኖረ።

እርስዎ ከመግዛትዎ በፊት የድምፅ ዝርዝሩን ያንብቡ፤ «የመጀመሪያው ሞኖ» የሚል ይፈልጉ። እሱንም በጭፍን አይመኑ። አንዳንድ አሳታሚ አዲሱን ቅልቅል ወደ አንድ መስመር ጨፍልቆ ሞኖ ብሎ ያቀርባል። የሚለዩት ከአሮጌ የቪዲዮ ካሴት ጋር በማስተያየት ነው፤ ሙዚቃውን ትተው በር ሲዘጋ ወይም ጥይት ሲተኮስ ያለውን ያዳምጡ፤ መጀመሪያ የሚለወጠው እሱ ነውና።